ሦስቱን ሚኒስትሮች በአንድ ቀን ጠይቁልን
በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ለተፎካካሪ ፓርቲዎች አባላት ከጎጃም የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

የተከበራችሁ የምክር ቤት አባላት፣

ቁጥራችሁ ጥቂት ነው። በ2013ቱ ምርጫ ገዢው ፓርቲ ከ400 በላይ መቀመጫ ሲይዝ ለእናንተ የደረሳችሁ በጣት የሚቆጠር ነው። የመናገሪያ ደቂቃችሁም እንደዚያው አጭር ነው። ከመካከላችሁ ታስሮ ያለመከሰስ መብቱ የተነሣ አባል እንዳለም አንረሳም። ስለዚህ ለምን ዝም አላችሁ ብዬ ልወቅሳችሁ አልጻፍኩም። ያቺን አጭር ደቂቃ ለጎጃም ገበሬ በሚጠቅም መንገድ እንድታውሏት ልለምናችሁ ነው።

ሚኒስትሮች ሪፖርት ሲያቀርቡ እዚህ ብዙ ሰው ይከታተላል። መብራት ካለ በቴሌቪዥን፣ ከሌለ በራዲዮ። የሰማነውን ልንገራችሁ። ማዳበሪያ ለምን ዘገየ ተብሎ ሲጠየቅ ነገሩ ወደ ትራንስፖርት ይዞራል። ትራንስፖርቱ ሲጠየቅ ወደ ፀጥታ ይዞራል። የእህል ዋጋ ሲነሣ ጥፋቱ ደላላ ላይ ይወድቃል። ሁሉም ኳሷን ይቀባበሏታል። የኛ ችግር ግን አንድ ነው። የጎጃም ገበሬ የመንገዱን ዋጋ ሁለት ጊዜ ይከፍላል፤ ማዳበሪያው ሲገባ አንዴ፣ ጤፉ ሲወጣ ደግሞ ሌላ ጊዜ። ይህን ለየብቻ የቀረቡ ሦስት ሚኒስትሮች አይመልሱትም። ግብርናውን፣ ትራንስፖርትና ሎጂስቲክሱን፣ ንግድና ቀጣናዊ ትስስሩን በአንድ ቀን፣ በአንድ አዳራሽ አስቀምጡልን።

ጤፉ እንዴት እንደሚሸጥ ያላያችሁ ካላችሁ ላሳያችሁ። ቢቸና ወይም ደብረ ወርቅ ገበያ ገበሬው ጆንያውን ይፈታል። ነጋዴው ጤፉን በእፍኙ ዘግኖ ያየዋል። ማኛ መሆኑን አላጣውም። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ለአይሱዙ ሹፌር ይደውላል። መንገዱ እንዴት ነው? ስንት ትጭናለህ? ኬላ ላይ ስንት ጠየቁ? ዋጋ የሚናገረው ይህን ሁሉ ከሰማ በኋላ ነው። ገበሬው አጠገቡ ቆሞ ይጠብቃል። ጤፉ ያው ጤፍ ነው፤ ዋጋውን የቆረጠው ግን ስልኩ ውስጥ ያለው መንገድ ነው። ያ ጤፍ አባይን ተሻግሮ አዲስ አበባ ሲደርስ ደግሞ ሸማቹ በዋጋው ይማረራል። በመሃል የጠፋው ብር የት ገባ? ይህን ጥያቄ ከእናንተ በቀር የሚጠይቅልን የለም።

መንገዱ ራሱስ? ከደጀን እስከ ጎሐ ጽዮን ያለው የአባይ በረሃ ወደ 40 ኪሎ ሜትር የሚሆን ቁልቁለትና ዳገት ነው። በጃፓን መንግሥት እርዳታ የተሠራው የሕዳሴ ድልድይ ትልቅ እፎይታ ነበር። ድልድዩን የሚያገናኘው አስፋልት ግን መሬቱ እየተንሸራተተ በየጊዜው ይሰነጠቃል፣ ይሰምጣል። ከባድ መኪና እዚያ ከተበላሸ ወረፋው ይራዘማል፣ የጫነው ቲማቲም ይበሰብሳል። ሹፌሩ ይህን ሁሉ አስልቶ ነው ኪራይ የሚጠራው። በሹፌሩ አልፈርድም።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሰው ነፍስ አለ። በሰኔ 2016 ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ወደ ቤተሰቦቻቸው ሲመለሱ የነበሩ ተማሪዎች ከአባይ ማዶ ገርበ ጉራቻ ከተማ አካባቢ ከአውቶብስ እንዲወርዱ ተደርገው ታግተዋል። ከዚያ ወዲህ በዚያ መስመር ልጅ የሚልክ እናት ስልኳን ከእጇ አትለይም። ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ ጠዋት ብትሄዱ ተሳፋሪው መጀመሪያ የሚጠይቀው ታሪፉን አይደለም። «ዛሬ መንገዱ ሰላም ነው?» ነው የሚለው። ከሐምሌ 2015 ወዲህ በክልሉ ውስጥ ባለው ጦርነት መንገድ ሲዘጋና ሲከፈት ኖረናል። ማን ዘጋው በሚለው ላይ ሰው የተለያየ ሐሳብ አለው። ለሪፈር ወደ አዲስ አበባ የተጻፈለት ታማሚ ግን መንገዱ የተዘጋው በማንም ይሁን፣ የሚሞተው እሱ ነው። ሚኒስትሮቹ የፀጥታ ችግር አለ ብለው ሲመልሱ እውነታቸውን ነው። መልሱ ግን እዚያ ላይ ማለቅ የለበትም። ችግሩ መኖሩን ካወቁ፣ ለታማሚና ለማዳበሪያ ምን መላ አበጁ? ለሲቪል መኪና ከለላ የሚሰጠው ማነው? በማን ትእዛዝ?

ወደ ማዳበሪያው ልመለስ፤ እዚህ ላይ ረጋ ብዬ ልናገር። በ2015 ክረምት ገበሬዎች ማዳበሪያ አጣን ብለው ባሕር ዳር ድረስ መጥተው ሰልፍ ወጥተው እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ገበሬ ለመኸር በሚዘጋጅበት ወቅት ሞፈሩን ጥሎ ከተማ የሚገባው ሲጨንቀው ነው። ከተማ ላለ ሰው ሁለት ሳምንት መዘግየት ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል። ኤንፒኤስ የሚባለው፣ ፎስፈረስ ያለበት ማዳበሪያ ግን ከዘሩ ጋር አብሮ መሬት መግባት አለበት። በኋላ ከላይ ቢበተን ፎስፈረሱ ሥሩ ጋ አይደርስም። ዩሪያው ነው ቆይቶ፣ በቆሎው ጉልበት ሲደርስ የሚጨመረው። አንድ ጎረቤቴ ብሩን አስቀድሞ ለመሠረታዊ የኅብረት ሥራ ማህበር ከፍሎ፣ ኤንፒኤሱ የደረሰው በቆሎው ከበቀለ በኋላ ነው። በሪፖርት ላይ «ተሰራጭቷል» ተብሎ ይቆጠርለታል። በማሳው ላይ ግን ምንም አልሠራለትም። ስለዚህ ስንት ኩንታል ገባ ብላችሁ ብቻ አትጠይቁ። መቼ ደረሰ? የትኛው ቀበሌ? ዘሩ ከመዘራቱ በፊት ነው በኋላ?

ጊዜውንም አስቡበት። በሕገ መንግሥቱ መሠረት ምክር ቤቱ ሥራ የሚጀምረው በመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ነው፤ የሚዘጋው ሰኔ 30። ጎጃም ውስጥ ጤፍ የሚዘራው ሐምሌ ላይ ነው። ማዳበሪያው ሳይመጣ ቀረ ብለን የምንጮኽበት ወር እናንተ እረፍት ላይ ናችሁ። ሰኔ ላይ የሚጠየቅ የማዳበሪያ ጥያቄ ለዚያ ዓመት አይሆንም። ጥያቄው ጥርና የካቲት ላይ መነሣት አለበት፤ የመዝሪያው ወቅት ሳይደርስ።

ዋናው መንገድ ቢስተካከል እንኳ ሌላ ጣጣ አለ። ከወረዳው ከተማ እስከ ጎጡ ያለው መንገድ። በገጠር መንገድ ፕሮግራም፣ ሰው ዩራፕ በሚለው፣ ብዙ ቀበሌ ጠጠር መንገድ አግኝቶ ነበር፤ ይህን አንክድም። ነገር ግን ጥገና የለውም። ዋልካው አፈር ጠጠሩን በሁለት ክረምት ይውጠዋል። ሐምሌ ላይ የሙጋ ወይም የሱሃ ወንዝ ሲሞላ ወዲያ ማዶ ያለው ሰው እዚያው ይቀራል። ምጥ የያዛት ሴት ዛሬም በቃሬዛ ነው የምትወጣው። ማዳበሪያውን ከማህበሩ መጋዘን እስከ ቤት የሚያደርሰው የአህያ ኪራይ በየትኛውም ሪፖርት ላይ አይጻፍም። ገበሬው ግን ይከፍለዋል።

ደጋው ደግሞ የራሱ ችግር አለበት። ስናን፣ ማቻከል፣ ባንጃ አካባቢ አፈሩ አሲዳማ ሆኗል። መድኃኒቱ ይታወቃል፤ ኖራ ነው። ግን ኖራ እንደ ምርጥ ዘር በፌስታል ተይዞ አይሄድም። ለአንድ ሄክታር ብዙ ኩንታል ያስፈልጋል። መኪና ካልደረሰበት አይታሰብም። ባለሙያው ኖራ ጨምሩ ብሎ ያስተምራል፣ ገበሬውም ገብቶታል፣ የሚያመላልሰው የለም። እንግዲህ ይህ የግብርና ጥያቄ ነው ወይስ የትራንስፖርት? ሦስቱ አብረው ይቅረቡ የምለው ለዚህ ነው። በ2013 የተመረቀው የቡሬ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክም ቢሆን የጃቢ ጠህናንና የሜጫ በቆሎ ደጁ ካልደረሰለት ለምን እንደተሠራ ግራ ያጋባል።

ስለ አጠያየቁ አንድ ነገር ልበል። እባካችሁ ስምንት ጥያቄ በአንድ ጊዜ አታውርዱ። የሁሉም አባል ጥያቄ ተሰብስቦ በአንድ ዙር ሲመለስ፣ ሚኒስትሩ የሚመቻቸውን ያነሣሉ፤ የማይመቻቸው መሃል ላይ ይወድቃል። «አቅጣጫ ተቀምጧል»፣ «በጥናት ላይ ነው»፣ «እየተሠራበት ይገኛል» የሚሉ መልሶች የሚመጡት ጥያቄው ሰፊ ሲሆን ነው። ጠባብ አድርጉት። ገበሬው ለአንድ ኩንታል ኤንፒኤስ ከሚከፍለው ብር ስንቱ የመጓጓዣ ነው? ከቢቸና አዲስ አበባ ድረስ ሕጋዊ ኬላ ስንት ነው፣ ደረሰኝ የሚሰጠውስ የትኛው ነው? የአባይ በረሃን መንገድ የሚጠግነው ማነው፣ በስንት በጀት፣ እስከ መቼ? እንዲህ ተብሎ ሲጠየቅ የሚመለሰው ቁጥርና ቀን ነው። ቁጥር ካልተሰጠ አለመሰጠቱም ይታወቃል።

መብቱ በእጃችሁ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 17 ጠቅላይ ሚኒስትሩንም ሆነ ሌሎች የፌዴራል ባለሥልጣናትን ጠርቶ የመጠየቅ ሥልጣን ለምክር ቤቱ ይሰጣል። አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 8 ደግሞ ገበሬው ለምርቱ ተገቢ ዋጋ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። ከጎጃም ተመርጠው በገዢው ፓርቲ ወንበር የተቀመጡ እንደራሴዎችም አሉ። አንቀጽ 54 ተገዢነታቸው ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናቸው ነው ይላል። ፓርቲ ሳትለዩ ሄዳችሁ አነጋግሯቸው። እነሱም እኮ እናታቸው ቤት የሚሄዱት በዚሁ በረሃ በኩል ነው። በዚህ ጉዳይ አብረው ቢቆሙ ማንም ፓርቲ አይጎዳም።

መልሱ በቃል ብቻ እንዳይቀር በጽሑፍ ጠይቁ፤ ሲደርሳችሁም ለወረዳዎች ላኩት። ሦስቱን ሚኒስትሮች የምትጠይቁበትን ቀን አስቀድማችሁ ብታሳውቁን ደግሞ እኛም አንቀመጥም። የጭነት ደረሰኝ፣ ኬላ ላይ የተከፈለ ገንዘብ፣ ማዳበሪያው ማህበሩ መጋዘን የገባበትን ቀን ከየቀበሌው አሰባስበን እንልክላችኋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
ከምሥራቅ ጎጃም