ሻጮች የ12 ቮልቱን መስመር አሳዩን

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጆች፣ ሰላም ናችሁ ወይ፣ የምጽፍላችሁ ከደሴ ነው።

ሰኞ ገበያ አካባቢ ትንሽ የቪዲዮ ኤዲቲንግ ቤት አለችኝ፣ በብዛት የሰርግ ነው የምሰራው። ጥር ላይ ስራ በተደራረበበት ሰአት ኮምፒውተሬ ሬንደር፣ ማለት ያቀናበርኩትን ቪዲዮ ማውጣት፣ ስጀምር ድርግም ብሎ መጥፋት አመጣ። መብራት አልሄደም፣ አምፖሉ ይበራል፣ እሱ ብቻ ጭጭ። ቫይረስ ነው ተባልኩ ፎርማት አስደረግኩት፣ ራም ነው ተባልኩ ራም ቀየርኩ፣ ሙሽሮቹ ደግሞ በየቀኑ እየደወሉ መቼ ነው የሚደርሰው ይሉኛል። በመጨረሻ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ኤሌክትሪሽያን የሆነው የአክስቴ ልጅ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ መጣልኝና ኬዙን ፈትቶ ፓወር ሰፕላዩን፣ ማለት የግድግዳውን መብራት ለኮምፒውተሩ ክፍሎች የሚያከፋፍለውን ሳጥን፣ አወጣው፣ በእጁ መዘን መዘን አደረገና "ይሄማ ባዶ ቆርቆሮ ነው" አለኝ።

ጎኑ ላይ በትልቁ 500 ዋት ይላል። ከስሩ ግን ደቃቅ ጽሁፍ ያለባት ሰንጠረዥ አለች፣ በስልክ እያበራን ስናነባት የ12 ቮልቱ መስመር 16 አምፒር ነው። 12 በ16 ሲባዛ 192 ዋት! የዛሬ ኮምፒውተር ፕሮሰሰሩም ግራፊክስ ካርዱም የሚበሉት በዋናነት ከዛው ከ12 ቮልቱ ስለሆነ በሌሎቹ መስመሮች፣ በ5 ቮልቱና በ3.3 ቮልቱ ላይ የተከመረው አምፒር ለነሱ ምንም አይፈይድም። የኔ ካርድ ብቻውን 125 ዋት ይፈልጋል ፕሮሰሰሩ 65፣ ሁለቱ ብቻ 190 ገቡ፣ ሃርድ ዲስኩና ፋኑ ሳይቆጠር፣ ፕሮሰሰሩም ስራ ሲበዛበት ከተጻፈበት በላይ እንደሚስብ ሳይቆጠር። ከአቅሙ በላይ ሲጠየቅ ራሱን አጠፋ፣ ተመስገን ነው፣ መከላከያ የሌለው ቢሆን ማዘርቦርዱንም ይዞት ሊሄድ ይችል ነበር።

ሌላው ሰው የሚሳሳትበት ያ "80 ፕላስ" የሚለው ምልክት ነው። አንድ ሻጭ "500ው 80 ፐርሰንቱን ነው የሚሰጥህ፣ 400 በለው" ብሎኝ ነበር፣ ግን እንደዛ አይደለም፣ 80ው የሚናገረው ከግድግዳው ከሚስበው ስንቱን ለኮምፒውተሩ እንደሚያደርስ ነው። ለኮምፒውተሩ 400 ዋት ለመስጠት በ80 ፐርሰንት የሚሰራ ከሆነ ከግድግዳው 500 ይስባል ማለት ነው፣ 100ው ሙቀት ሆኖ ይወጣል፣ ቆጣሪው ግን ይቆጥረዋል። መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆየን ዩፒኤስም ላይ ቁጥሩ ያሳስታል፣ 650 ቪኤ (ቮልት-አምፒር) ስለተጻፈበት 650 ዋት አይሸከምም፣ ዋቱ ለብቻው ተጽፏልና እሱን እዩ።

አሁን የገዛሁት ፓወር ሰፕላይ 450 ዋት ነው የሚለው፣ በቁጥር ከድሮው ያንሳል፣ 12 ቮልቱ ግን 36 አምፒር ስለሆነ 432 ዋት አለው ማለት ነው፣ ካርዱም ፕሮሰሰሩም እኮ ያው የድሮዎቹ ናቸው፣ ግን አንድ ቀን ጠፍቶብኝ አያውቅም።

ስለዚህ በደሴም በኮምቦልቻም ኮምፒውተር የምትሸጡ ወንድምና እህቶቼ፣ እባካችሁ ደረሰኙ ላይ ዋቱን ብቻ ሳይሆን የ12 ቮልቱን አምፒር ጻፉልን። የምትገዙም ካርቶኑን አስከፍቱና ሰንጠረዧን በአይናችሁ ሳታዩ ብር አትቁጠሩ።

አክባሪያችሁ
ቪዲዮ ኤዲተሩ፣ ከደሴ