ለዩስት ደሴት ተጓዦች

ጤና ይስጥልን ወዳጆች፣

«እዚያ መኪና ተከራይተን ብንዞርስ?» የሚል ጥያቄ ደጋግሞ መጥቷል። አይሆንም። ዩስት በሰሜን ጀርመን ጠረፍ ፊት ለፊት የተጋደመች የአሸዋ ደሴት ናት። መኪና የሚፈቀደው እንደ ሐኪምና እሳት አደጋ ላሉት ብቻ ነው። እንግዳው፣ ሻንጣው፣ ቆሻሻው ሳይቀር በፈረስ ጋሪ ይጓጓዛል። ባለፈው ስሄድ ማታ መስኮቱን ከፍቼ ኮቴ ብቻ ነው የሰማሁት። መጀመሪያ ዝምታው ራሱ እንቅልፍ ነሳኝ፣ እውነቴን ነው።

ዋናው ጉዳይ ሰዓት ነው። ትልቁ መርከብ ከኖርድዳይኽ ወደብ የሚነሳው ባሕሩ ሲሞላ ነው። በመሐል ያለው ውኃ ጥልቀት የለውም፤ ሲሸሽ ጭቃው ተዘርግቶ ይቀራል፣ ወፎችም ይወርዱበታል። ስለዚህ መነሻው በየቀኑ ይለያያል። ያመለጠው ሰው እስከ ማግስቱ ሊጠብቅ ይችላል። እባካችሁ፣ በመጨረሻዋ ደቂቃ እያለከለክን አንድረስ!

ደሴቷ 17 ኪሎ ሜትር ያህል ትረዝማለች፤ ስፋቷ ግን አብዛኛው ቦታ ላይ አንድ ኪሎ ሜትር አይሞላም። በ1651 እ.ኤ.አ. ከባድ የባሕር ጎርፍ ለሁለት ሰንጥቋት ነበር። የዚያ ስንጥቅ ትራፊ ዛሬ ሐመርዜ የተባለ ሐይቅ ሆኗል፤ ውኃው ጨው የለውም። በምዕራብ በኩል ነው፣ በእግር እንሄዳለን።

የአሸዋ ኮረብታዎቹ ላይ ከመንገዱ አትውጡ። አሸዋውን የያዘው የሣሩ ሥር ነው፤ ሲረገጥ ይነቀላል፣ ከዚያ ነፋሱ ይጠርገዋል።

የንፋስ ጃኬት ያዙ። ብስክሌት የምትፈልጉ እስከ ዓርብ አሳውቁኝ።