ድምፅ አትልቀቂበት

ይድረስ ለልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን። እናትሽ የሳልሽ ነገር አሳስቧታል። ሻሽ ሳትጠመጥሚ ማታ አትውጪ ብላለች።

የላክሽው ፎቶ ደርሶኛል። ደብዘዝ ቢልም ወፏ አልጠፋችኝም። ራሷ ጥቁር፣ ከዓይኗ በላይ ነጭ መስመር፣ ከጉሮሮዋ እስከ ሆዷ ብርቱካናማ። በጣም የምትመስላት ዘመድ አለቻት፤ እሷ ግን ዝቅ ያለ አገር ነው የምትወደው። ጭራዋን እይ። መሃሉ ላይ ያሉት ላባዎች ጥቁር ከሆኑ፣ በፈረንጆቹ 1830ዎቹ አገራችን በመጣው ጀርመናዊ በሩፔል ስም የምትጠራው ሮቢን-ቻት ናት።

ወንድምሽ የነገረኝ ግን አናዶኛል። ስድስት ኪሎ ግቢ ዛፍ ስር ቆመሽ ድምፅዋን በስልክ ትለቂያለሽ አሉ። ልጄ፣ ተይ! ወንዱ ሌላ ወንድ ቦታውን ሊቀማው የመጣ ይመስለዋል። መብሉን ትቶ ለጠብ ይወጣል። ጎጆ ላይ ከሆኑ ደግሞ የባሰ ነው። ድምፅ አትልቀቂበት።

አያትሽ እዚያው ግቢ አትክልተኛ ነበር። ጃንሆይ ቤተ መንግሥታቸውን ገነተ ልዑልን ለዩኒቨርሲቲው ከሰጡ በኋላ ነው የተቀጠረው። ከትምህርት ቤት ስወጣ እዚያ እሄድ ነበር። አመሻሽ ላይ ዶማውን ያስቀምጥና ቁጭ ይላል። "ዝም በል" ይለኛል። ትንሽ ቆይታ አዲስ የተቆፈረው አፈር ላይ ብቅ ትላለች። ዘለል ዘለል፣ ጭራዋን ቀና፣ ቅጠሉን በመንቆሯ ገልበጥ። እግሬን ካነቃነቅኩ ቁጥቋጦው ውስጥ ጥልቅ! ሌሎቹ ወፎች ለማደር ጸጥ ሲሉ የእሷ ዜማ ገና ይጀምራል። የሌሎችን ድምፅ እየቀላቀለች ስለምታፏጭ ሦስት አራት ወፍ ያለ ይመስለኝ ነበር። አባባ ግን "አንዷ ናት፣ አዳምጥ" ይለኛል። ስንት ማታ እንደዚያ አመሸን! አንቺን ሳያይ ማረፉ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ካንቺ ጋር ቢገናኝ እኔን ይረሳኝ ነበር።

ያንን ቀይ ጃኬት ተይው። መታወቂያሽን ያዢ፣ ጥበቃዎቹ ይጠይቃሉ። ንጋት ላይም ስለምትዘምር ከመሸ ብቻሽን አትቁሚ። ስልክሽን ቦርሳሽ ውስጥ ክተቺው። ድምፅ አትልቀቂበት፣ አደራ።

አጎትሽ ያመጣው ባይኖኩላር ቁም ሳጥኑ ላይ አለ። እሁድ ስትመጪ ውሰጂው፤ የመብራቱንም ደረሰኝ ይዘሽልኝ ነይ።

አባትሽ