አባዬ፣ ጓሮው ውጣ

አባዬ፣ እንዴት ነህ? የደሴ ብርድ እንዴት ይዞሃል? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ትንሿ የፊት ጥርሷ ወልቆ ስትስቅ አሮጊት መስላለች። ትልቁ ኳስ ኳስ እያለ ደብተሩን ከረሳው ቆየ። አዲስ አበባ ኑሮው እሳት ነው፣ ግን ይገፋል።

እህቴ ሌሊት እንደማትተኛ ነገረችኝ። ቀን ደግሞ መጋረጃ ዘግተህ ግድግዳ እያየህ ትውላለህ አሉ። ሐኪሙ ያዘዘልህን ኪኒን በአላህ እንዳታቋርጥ። ቀለል ሲልህ መተው ትወዳለህ፣ አውቅሃለሁ።

ሰሞኑን ስለዚህ ሕመም ሳነብ ነበር። ድሮ አውሮፓም የአእምሮ ሕሙማን በሰንሰለት ይታሰሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1796 ግን ዊልያም ቱክ የሚባል ሰው እንግሊዝ አገር፣ ዮርክ ላይ፣ ያለ ሰንሰለት የሚኖሩበት ቤት ከፈተ፤ ሕሙማኑ በአትክልቱ መሃል ይንሸራሸራሉ፣ ይቆፍራሉ። ቤንጃሚን ራሽ የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም ደግሞ በ1812 ባሳተመው መጽሐፍ፣ እንጨት የሚፈልጡትና ጓሮ የሚቆፍሩት ብዙ ጊዜ ሲድኑ፣ ክብራቸው እንዲህ ካለ ሥራ ነፃ ያደረጋቸው ግን እዚያው ሆስፒታል ሲማቅቁ መታየቱን ጽፏል።

ክብር የሚለው ላይ ስደርስ ማንበብ አቃተኝ። ጋሽዬ ታወሰኝ።

ዶማ ሲይዝ ያ ሁሉ ጩኸቱ ጸጥ ይል አልነበር? ድንቹን ሲኮተኩት ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ፣ አፈሩን በእጁ እያደቀቀ፣ እማዬ ቡና ደረሰ ብትለው እንኳ አይሰማም ነበር። አንተ ግን ጎረቤት ያየናል ብለህ የኋላውን ክፍል ቆለፍክበት። ቁልፉ በኮትህ ኪስ ሲንቃጨል እስካሁን ይሰማኛል። ያኔ ማን አስተምሮህ፣ ማን ነግሮህ እላለሁ። አንዳንድ ቀን ግን እንደዚያ ማለት ያቅተኛል፣ አባዬ።

አሁን ራስህ ላይ ስትቆልፍ ዝም ብዬ አላይም። ለጎረቤቱ ልጅ ብር ልኬለታለሁ፣ መሬቱን እሱ ይገለብጥልሃል። አንተ ጎመንና ጤና አዳም ትከል፤ ጉልበትህን ካመመህ ዱካ ላይ ቁጭ ብለህ አረም ንቀል። ጓንት ሳታደርግ እንዳትነካ፣ ስኳር አለብህ፣ ቁስል ቶሎ አይድንልህም። ጎረቤት ካየም ይይ።

ለሐኪም ቀጠሮህ እህቴ ትወስድሃለች። ታክሲ ውስጥ አትጨቃጨቃት።