የእናትሽ ዱባ

ይድረስ ለእህት ዓለም፤

እንደምን ከርመሻል? «እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ» ብዬ ልጀምር ነበር። ግን ሦስት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቼ እንደዚያ ብል ትስቂብኛለሽ። ስለዚህ የጠፋሁበትን ምክንያት ሳልዞር ልንገርሽ። የእናትሽን ዱባ አበላሸሁት።

«በዱባ ምክንያት ሦስት ዓመት?» እንደምትይ አውቃለሁ። አዎ፣ በዱባ ምክንያት።

ስንለያይ በወረቀት ጠቅልለሽ የሰጠሽኝን ዘር ታስታውሺያለሽ? «እናቴ ከእናቷ የወረሰችው ነው፤ እንዳይጠፋብሽ» ነበር ያልሽኝ። በመጀመሪያው ዓመት እንደ ጉድ አፈራ። ግራጫ፣ ጠፍጠፍ ያለ፣ ልጣጩ ድንጋይ። ፎቶ ስልክልሽ «ራሱ ነው!» ብለሽ መለስሽልኝ። እኔም ዘሩን አጠብኩ፣ አደረቅኩ፣ በብልቃጥ አስቀመጥኩ። የዘር ጠባቂ ሆንኩ ብዬ ተኩራርቼም ነበር።

በሁለተኛው ዓመት ከዚያ ብልቃጥ ዘራሁ። የወጣውን ብታዪው! አንዱ ረጅም፣ አንዱ ብርቱካንማ፣ አንዱ ኪንታሮት የወረሰው። ስቆርጠው ውስጡ ውሃ። ልክ በዚያው ሰሞን «የእናቴ ዱባ እንዴት ነው?» ብለሽ ጻፍሽልኝ። ነገ እመልስላታለሁ አልኩ። በማግስቱም እንደዚያው። ከወር በኋላ መልስ መስጠቱ ራሱ አሳፈረኝ፤ ከዓመት በኋላማ ጭራሽ ተዪው።

ጥፋቱ የተሠራው ግን በመጀመሪያው ዓመት፣ እኔ ፎቶ እያነሣሁ ሳለ ነው። ከጎኑ ገዝቼ ያመጣሁትን ሌላ ዱባ ዘርቼ ነበር። የዱባ ወንዴና ሴቴ አበባ ለየብቻ ነው፤ የሚያገናኛቸው ንብ ነው። ንብ ደግሞ ከኪሎ ሜትር በላይ እየበረረች የምትቀስም ናት፤ የኔን ሁለት መደብ ለይታ አታይልኝም። ሁለቱ ዱባዎች ከአንድ ዝርያ ከሆኑ ይዳቀላሉ። የሚያታልለው ምን መሰለሽ? ፍሬው የእናቲቱ ተክል አካል ነው። ከማንም ትዳቀል፣ መልኩ አይለወጥም። የሚለወጠው ውስጡ ያለው ዘር ነው። «ራሱ ነው!» ያልሽው ዱባ ሆዱ ውስጥ ሌላ ጉድ ይዞ ነበር። አንቺ የሰጠሽኝን ደግሞ እንዳለ ዘርቼ ጨርሼዋለሁ። ቢያንስ እንደዚያ ነበር የሚመስለኝ።

ሌላው አትክልት እንዲህ አላስቸገረኝም። ቲማቲምና አደንጓሬ አብዛኛውን ጊዜ ራሳቸውን በራሳቸው ነው የሚያዳቅሉት፤ ነባር ዘር ለሚጀምር ሰው እነሱን ነው የምመክረው። አደንጓሬውማ ተክሉ ላይ እስኪደርቅ ትጠብቂና ትፈለፍያለሽ፤ አለቀ። ቲማቲሙ ዘሩን ከነልጋጉ በብርጭቆ ሁለት ሦስት ቀን ማብላላት ይፈልጋል። ልጋጉ ሲለቅ ደህናው ዘር ወደ ታች ይሰምጣል። ሽታውን ግን አልነግርሽም። ባለቤቴ ከነብርጭቆዎቹ ከቤት አባሮኛል። ካሮት ለዘር ሁለት ዓመት ያስጠብቃል፤ እሱን ለጊዜው ትቼዋለሁ።

እንስሳቱን መቼም ሳትጠይቂኝ አታልፊም። መጀመሪያ ላሞቹንም በጎቹንም መስኩ ላይ እንዳለ ለቀቅናቸው። ሰፊ ነው፣ ምን ይጎድላቸዋል አልን። ጥቂት ወራት ሳይቆይ የሚወዱት ሣር ተመልጦ የማይወዱት እሾህ ነገሠ። ላም ሞኝ አይደለችም። ትናንት የጋጠችው ሣር ለጋ ቅጠል ሲያወጣ፣ ሌላውን ሁሉ አልፋ እሱኑ ፍለጋ ትመለሳለች። ሣሩ ያንን ለጋ ያወጣው ካጠራቀመው ስንቅ ቀንሶ ነው። ስንቁን ሳይተካ ደግማ ስትግጠው ሥሩ ይሳሳል። ሲደጋገም ይሞታል። አንድሬ ቯዛን የሚባል ፈረንሳዊ የገዛ ላሞቹን አጋጋጥ ሲከታተል ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የጻፈው ይኼንኑ ነው። ዋናው ነገር የከብቱ ብዛት ሳይሆን፣ አንድ ቦታ ላይ የሚቆይበትና ተመልሶ የሚመጣበት ጊዜ ነው።

አሁን መስኩን በኤሌክትሪክ ሽቦ ሸንሽነነዋል። በየቀኑ ወደ አዲስ ሽንሻኖ እናዛውራቸዋለን። ሣሩ ፈጥኖ በሚያድግበት ወቅት ወር ገደማ ይበቃዋል። ሲደርቅ ሁለት ወርም፣ ከዚያም በላይ። ቀን አልቆጥርም፤ ጎንበስ ብዬ ሣሩን ነው የማየው። ግማሹን በልተው ግማሹን ሲተዉ ይነሣሉ። ባለቤቴ መጀመሪያ «ይኼ ሁሉ ሣር ቀርቶ?» እያለ አንጀቱ ያርር ነበር። የቀረው ግን ዝም ብሎ የቀረ አይደለም። አፈሩን ያለብሳል፣ ሣሩም ቶሎ ያገግምበታል። ደግሞ የሆድ ትል እጭ አብዛኛው ከመሬት አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍታ ውስጥ ነው የሚገኘው። ሣሩን እስከ አፈሩ ያልጋጠ በግ ትሉንም ብዙ አይውጥም። የላምና የበግ የሆድ ትል ደግሞ በአብዛኛው ለየቅል ስለሆነ አንዱን ከሌላው አስከትለን እናሰማራለን።

ዶሮዎቹ ጎማ ያለው ቤት ሠርተንላቸዋል፤ ላሞቹ ከተነሡ በሦስተኛው ቀን ገደማ እየጎተትን እናስከትላቸዋለን። ዝንብ እበቱ ላይ የጣለችው እንቁላል ያን ጊዜ ትል ሆኖ ይወፍራል። ዶሮዎቹ ትሉን ፍለጋ እበቱን ጭረው ጭረው ይበትኑታል። ዝንቡ ይቀንሳል፣ ፍጉም መስኩ ላይ ይዳረሳል፣ የእኛ ወገብም ያርፋል። ልጃችን ይኼን ከማንኛውም ጨዋታ አስበልጣ ተቀምጣ ታያለች። ታዲያ «ዶሮ መስክ ላይ ራሷን ትቀልባለች» የሚልሽን አትስሚ። ሞክሬዋለሁ። እህል ካልጨመርኩላቸው እንቁላሉ ወዲያው ይቀንሳል።

ስለ ዳለቻም ልንገርሽ። ታውቂያታለሽ፣ በፎቶ አይተሻታል፤ ግራጫዋ፣ አንድ ቀንዷ ወደ ታች የዞረው። ሞተች። ዱባው በተበላሸበት ዓመት ነው። ማታ የአጥሩን ማብሪያ ረስቼ ተኛሁ። ሌሊቱን ሁለት ላሞች ሽቦውን አልፈው፣ በባዶ ሆዳቸው፣ አልፋልፋ የሚሉት ጤዛ የጠጣ ለጋ መኖ ውስጥ ገቡ። ጠዋት ስደርስ የዳለቻ ግራ ጎን እንደ ከበሮ ተወጥሮ ከጀርባዋ በላይ ወጥቷል። አፏ ተከፍቶ፣ ምላሷ ወጥቶ፣ እግሯን አንፈራጣ ቆማለች። አልፋልፋው ሆዷ ውስጥ አረፋ ይሆንና አየሩን ያፍነዋል፤ ማግሳት ያቅታታል። ዘይት ቢግቷት አረፋውን ይሰብረዋል። አንደኛዋን አተረፍን። ወደ ዳለቻ ስዞር ተንበርክካ ነበር። ጠርሙሱን አፏ ላይ አድርጌ ሳለ ጭንቅላቷ እጄ ላይ ከበደኝ። የእንስሳት ሐኪሙ ሲደርስ አልቋል።

ለማንም አላወራሁም። ምን ብዬ? ማብሪያ ረስቼ ላም ገደልኩ ልበል? አሁን እርጥብ አልፋልፋ አጠገብ የተራበ ከብት አይደርስም። መጀመሪያ ድርቆሽ ይጠግባሉ፣ ጤዛው ይረግፋል፣ ከዚያ ለጥቂት ጊዜ ብቻ እናስገባቸዋለን። ማታ ማታ ደግሞ አጥሩን ሁለት ጊዜ ሳላይ አልተኛም። ባለቤቴ አመል ሆነብሽ ይለኛል። ይሁን።

ሥራው አድካሚ አይደለም ብዬ አልዋሽሽም፤ ቀድሞም አንቺ ያስጠነቀቅሽኝ በዚያ ነበር። መኮትኮቱን፣ መጎተቱን ለምጄዋለሁ። ያቃተኝ መጠበቁ ነው። ሣሩ ሳያገግም መመለስ ያምረኛል። ፍግ ጥሬውን ሰላጣ መደብ ላይ መበተን ያምረኛል፤ ጥሬ ፍግ ግን ቢያንስ አራት ወር ቀድሞ አፈር ውስጥ ካልገባ እንዲህ ያለ አትክልት ላይ በሽታ ያመጣል። ስለዚህ ከምሬ አበሰብሰዋለሁ፣ አሁንም እጠብቃለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልመለስ። ከጥቂት ወራት በፊት ልብስ ስለይ፣ ስንለያይ የለበስኩትን ካፖርት አገኘሁ። ኪሱ ውስጥ ያ ወረቀት አለ። የእጅ ጽሑፍሽ ደብዝዟል። ውስጡ ዘጠኝ ፍሬ ቀርቷል። ዘጠኝ! አምስት ዓመት ኪስ ውስጥ የከረመ የዱባ ዘር ብዙ ተስፋ የለውም። ቢሆንም ዘጠኙንም ዘራኋቸው። ሦስቱ በቀሉ። አንዱን ቀንድ አውጣ በላብኝ፤ ያን ጠዋት የተሳደብኩትን ስድብ ልጄ ሰምታ እስካሁን ታስታውሰኛለች። ሁለቱ አሉ። ዘንድሮ ሌላ ዱባ አልዘራሁም፤ የጎረቤት ንብና የጎረቤት ዱባ ግን በኔ እጅ አይደሉም። ስለዚህ አበባውን ማታ አስሬ፣ ጠዋት በእጄ አዳቅለዋለሁ።

ግን ሁለት ተክል ጥቂት ነው። ዘሩ ከነጤናው እንዲቀጥል በርከት ብሎ ነው መዘራት ያለበት። እና እየተሽኮረመምኩ እለምንሻለሁ፤ እናትሽ ዘንድ ከዘሩ የቀረ ይኖራል? እሳቸውስ ደህና ናቸው? መጀመሪያ መጠየቅ የነበረብኝ ይኼ ነበር፤ መልሱን ፈርቼ ወደ መጨረሻ ገፋሁት። ደህና ከሆኑ ጥፋቴን ራስሽ ንገሪያቸው፤ እኔ ድፍረቱ የለኝም። ዘሩ ካለቀም፣ ከእነዚህ ሁለቱ የማገኘውን ግማሹን እልክላቸዋለሁ። ዱባው ከተቆረጠ በኋላም ዘሩ ውስጡ እንዲሞላ ጥቂት ሳምንታት መቆየት አለበት፤ ስለዚህ ትንሽ ታገሱኝ።

አንቺስ? አሁንም ሌሊት ትሠሪያለሽ? ስለ ራስሽ አንድ ገጽ ካልጻፍሽልኝ አልቀበልም።

ሊመሽ ነው፤ ልነሣ። አንዷ ሴቴ አበባ ጫፏ ቢጫ ሆኗል፤ ነገ ጎህ ሲቀድ ትፈነዳለች። ንቦቹ ሳይቀድሙኝ አሁን በክር ልሰራት። ሁለት ወንዴም አይቼላታለሁ።

ያንቺው