ሚሚዬ፣ ዲሴምበርን አትጠብቂ
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ መስከረም 16 ቀን 2015 ዓ.ም.

ሚሚዬ የኔ እናት፣

የትምህርት ቤት ካውንስለርሽ ለአባትሽ ኢሜይል ጽፋለታለች፣ ለፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲ ማመልከቻሽን እስካሁን አልላክሽም። ትናንት ሳነሳብሽ "እማዬ ሮሊንግ እኮ ነው፣ ዴድላይን የለውም፣ ዲሴምበር ላይ የኤስኤቲ ፈተና ደግሜ ወስጄ እልካለሁ" ብለሽ በሩን ዘጋሽብኝ። በአፍ ከተነጋገርን እንጣላለን ብዬ ነው የምጽፍልሽ፣ እስከ መጨረሻው አንብቢው።

ሮሊንግ ማለት አንቺ እስክትደርሺ ይጠብቁሻል ማለት አይደለም። ፋይሉ የተሟላለትን በየተራ እያዩ ነው የሚወስኑት፣ አንዳንዱ ልጅ በጥቂት ሳምንት መልሱን ያገኛል፣ ወንበሩ ደግሞ እያለቀ ይሄዳል። መገናኛ ያየሽው ሚኒባስ ትዝ ይልሻል? ሰዓት የለውም፣ ሲሞላ ይሄዳል። ኮሌጅ ፓርክ ያለው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲማ ለኧርሊ አክሽን፣ ቀድሞ ለሚያመለክት ማለት ነው፣ ኖቬምበር 1 ብሎ ቀን ቆርጦልሻል፣ እሱን አውቀሽ ትሮጪያለሽ፣ እኔን የሚያስፈራኝ ቀን ያልተቆረጠለት ነው። ያውም ነርሲንግ! ልጆቹ ክሊኒካል፣ የበሽተኛ ልምምዱን፣ የሚሠሩበት ሆስፒታልና አስተማሪ ውስን ስለሆነ ብዙ ሰው አይወስዱም፣ ዩኒቨርሲቲው ገና ክፍት ሆኖ ነርሲንጉ ሊሞላ ይችላል። ዲሴምበርን አትጠብቂ።

እኔ ለምን ነርስ እንዳልሆንኩ ግማሹን ብቻ ነው የምታውቂው። አናቶሚና ማይክሮባዮሎጂውን ከሥራ በኋላ ማታ ማታ ተምሬ ጨረስኩ፣ ውጤቴም ጥሩ ነበር፣ ከዛ ወረቀቴን ይዤ ኮሌጁ ቢሮ ስሄድ ሴትየዋ "የዚህ ዓመት ሞልቷል" አለችኝ። እኛ አገር ማትሪክ ሁሉም እኩል ይፈተናል፣ ውጤት ይመጣል፣ የት እንደምትማሪ መንግሥት ይመድብሻል፣ ቀድሞ ያስገባ ዘግይቶ ያስገባ የሚባል ነገር የለም፣ እዚህ ሌላ መሆኑን ማን ይንገረኝ? ደሴ የነበረችው አያትሽ፣ እናቴ፣ በደወለች ቁጥር "ነጩን ልብስ ለበስሽ ወይ?" ትለኝ ነበር፣ እኔም "በሚቀጥለው ዓመት" እላት ነበር። በሚቀጥለው ዓመት አንቺ ተወለድሽ። በአንቺ አልቆጭም፣ እንዳታስቢው! ግን እናቴ ሳታየኝ አረፈች፣ እስከዛሬም የበሽተኛ አንሶላ ስቀይር መድኃኒት ይዛ የምትገባዋን ነርስ ሳይ አንጀቴ... ተይው።

ተቻኩለሽ የተበላሸ ኤሴይ ላኪ አላልኩሽም። ማመልከቻው የሚሞላበት ኮመን አፕ ከኦገስት 1 ጀምሮ ክፍት ነው፣ የመጀመሪያው ቀን ስላልላክሽ የቀረብሽ ነገር የለም። አምና ውጤትሽ ወርዶ ቢሆን ኖሮ የሲኒየር ግሬድሽ እስኪመጣ ቆዪ እልሽ ነበር፣ እንደዛ ላለ ልጅ መቆየት ይጠቅመዋል። ያንቺ ግን ቆንጆ ነው፣ ፒትስበርግ ደግሞ ዘንድሮ ያለ ኤስኤቲም ያያል። ኤሴይሽን አባትሽ አንብቦ ብዙ ሰዓት ዝም ብሎ ተቀመጠ፣ እሱ ዝም ካለ በቃ ደርሷል ማለት ነው፣ ደግመሽ አትነካኪው። ቢቀበሉሽም አልታሰርሽም፣ እስከ ሜይ 1 የሌሎቹን መልስ አይተሽ፣ የሚሰጡንን ገንዘብ አወዳድረን እንወስናለን።

ነገ ክላስ ሳትገቢ መጀመሪያ ካውንስለርሽ ጋ ሂጂ። ከማመልከቻ ክፍያ ነፃ የሚያደርገው ፊ ዌቨር ይገባን እንደሆነ ጠይቂያት፣ ካልሆነ ካርዴ አለ፣ በገንዘብ ምክንያት አንድ ቀን እንዳይዘገይ። ፋፍሳ፣ የመንግሥት የትምህርት ገንዘብ ድጋፍ ማመልከቻው፣ ዘንድሮ ኦክቶበር 1 ይከፈታል፣ የፈረንጆቹ 2021 ታክስ ወረቀት ኩሽና መሳቢያው ውስጥ ሰማያዊው ፎልደር ውስጥ ነው። ወደ ፋፍሳ የምትገቡበትን ኤፍኤስኤ አይዲ አንቺም አባትሽም ለየብቻ ነው የምታወጡት፣ በአንድ ኢሜይል እንዳታደርጉት። የስኮላርሺፑ ቀን ከአድሚሽኑ ሊቀድም ይችላል፣ ዌብሳይቱን እዪ። ምስር ወጥ ፍሪጅ ውስጥ አለ፣ ሳትበዪ እንዳትቀመጪ።

ዓርብ ሳይመሽ ላኪው የኔ ቆንጆ፣ ዲሴምበርን አትጠብቂ። ከላክሽ በኋላም ፖርታሉን እየከፈትሽ የጎደለ ነገር እንዳለ እዪ፣ ፋይልሽ ካልተሟላ አያዩትም፣ እሱ እስኪሟላ እኔም ተልኳል ብዬ አልቀመጥም።

እናትሽ