የጥምቀት ልብስ ትእዛዝ ለምን ቀድመን እንደዘጋን፦ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ባሕር ዳር፣ ታኅሣሥ 2017 ዓ.ም.

ውድ ደንበኞቻችን፣

እንደምን ሰነበታችሁ? ሰሞኑን በራችን ድረስ መጥታችሁ ቅር ብሏችሁ የተመለሳችሁ አላችሁ። ደውላችሁ ድምፃችሁ የተለወጠብኝም አላችሁ። በስፌት ቤታችን ለጥምቀት የምንቀበለውን የልብስ ትእዛዝ ዘንድሮ ኅዳር 30 ላይ ዘግተናል። አዲስ ልብስ ለሚያዝም የዋጋውን ግማሽ ቀብድ እንቀበላለን። ነገሩ ይኸው ነው። ለዓመታት ከእኛ ሌላ ቤት የማታውቁ ሰዎች "ቀኑ አልፏል" ተብላችሁ መመለሳችሁ አሳዝኖኛል፤ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ውሳኔውን ግን አልቀይረውም። ምክንያቱን በስልክ አስረድቼ ስለማልጨርሰው ቁጭ ብዬ ጻፍኩት።

ከሁሉም ያመመኝ "ጠገበች" የሚለው ወሬ ነው። "ስም ስታገኝ ረሳችን፣ አሁን የምትሰፋው ለዳያስፖራ ነው" ተባለ አሉ። ማን እንዳለው አልጠየቅሁም፤ መጠየቅም አልፈልግም። ከውጭ የሚያዙ ደንበኞች አሉን፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው። ግን በተራቸው ነው የሚሰፋላቸው። የሚከፍሉትም እናንተ የምትከፍሉትን ነው። ከአሜሪካ ደውላ ታኅሣሥ ውስጥ የለመነችኝ ልጅ አለች። ለእሷም ያልኳት ለእናንተ ያልኩትን ነው። እሷም ተቀይማለች።

ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት፣ ስፌት የጀመርኩት በእናቴ ሲንጀር ነው። እናቴ የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበረች። ያ ፋብሪካ በ1950ዎቹ ከጣልያን በተገኘ የጦር ካሳ የተሠራ ነው፤ ስንቱን የባሕር ዳር ልጅ አብልቶ አሳድጓል። እናቴ ፈረቃዋን ጨርሳ ትመጣና ማታ ደግሞ ለጎረቤት ትሰፋለች። የተማሪ ዩኒፎርም፣ መጋረጃ፣ የተቀደደ ሱሪ፣ የመጣውን ሁሉ። ድርና ማግ የለየሁት ከእሷ ነው። "ከመቁረጥሽ በፊት ዳሰሺው፣ ጨርቅ ሲዳስሱት ይናገራል" ትለኝ ነበር። ዛሬም ሳልዳስስ አልቆርጥም።

እስካሁን የምንሰፋው ሽምብጥ ሰፈር ባለው ቤታችን ነው። መንገድ ዳር ሱቅ ብንከራይ ኪራዩ ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው እናንተ ላይ ነው። ስለዚህ ሳሎናችን ልክ መውሰጃ ሆኗል። ልጆቼ የቤት ሥራቸውን የሚሠሩት ከጨርቅ ጥቅል አጠገብ ነው። ይህን የምለው ለማማረር አይደለም። እንጀራዬ ነው፤ እወደዋለሁ። "ቤቷ ቁጭ ብላ ምን ወጪ አለባት" ለሚሉ ግን መልስ ይሁነኝ።

አንድ ቀሚስ እንዴት እንደሚደርስ ልንገራችሁ። ጨርቁን ከሱቅ አስቆርጠን አናመጣም፤ ሸማኔ ነው የሚሠራልን። ድሩ የፋብሪካ ክር ነው። ማጉ ግን በእንዝርት የተፈተለ ጥጥ ነው። የሚፈትሉልን እናቶች ይህን የሚሠሩት ከጓዳቸው ሥራ በተረፈች ሰዓት ነው። ሸማኔው እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ አስገብቶ እየረገጠ፣ በእጁ መወርወሪያውን እያመላለሰ ይሸምናል። ነጩ ቶሎ ቶሎ ይሄዳል። ጥለቱ ላይ ሲደርስ ግን ሥራው ይዘገያል። እያንዳንዱን ቀለም በጣቱ እያስገባ፣ መስመር በመስመር ነው የሚወጣው። ሰፊ ጥለት ስትመርጡ የሸማኔውን ቀናት ነው የምትመርጡት። እሱን ፍጠን ማለት ጥለቱን አሳሳልኝ ማለት ነው።

ጨርቁ መጣ ተብሎም ወዲያው መቀስ አይነሳም። በእጅ የተፈተለ ማግ ውሃ ሲነካው ይሰበሰባል። ስለዚህ መጀመሪያ አጥበን፣ ጥላ ላይ አድርቀን፣ ተኩሰን ነው የምንቆርጠው። ይህን የሚዘል ልብስ ሰፊ ቶሎ ያስረክባችኋል። ከመጀመሪያው እጥበት በኋላ ግን ቁርጭምጭሚት ላይ የነበረው ቀሚስ ባት ላይ ይወጣል። ቀጥሎ ጥለት ማገጣጠም አለ። ሸማ ስፋቱ ጠባብ ስለሆነ ቀሚስ የሚወጣው ቁራጭ ከቁራጭ ተጋጥሞ ነው። ጥለቱ ግራና ቀኝ እኩል ካልገጠመ ከሩቅ ያስታውቃል። አንዴ የተቆረጠ ጥለት ደግሞ መልሶ አይቀጠልም።

ጥልፉስ? የደረቱን መስቀል በእጅ ነው የምንጠልፈው። የእኛን ቀሚስ የያዛችሁ እስኪ ገልብጡትና እዩት። ከውስጥ የተንጠለጠለ ክር፣ የተቋጠረ ቋጠሮ አታገኙም። የክሩ ጫፍ ጥልፉ ሥር ሾልኮ ገብቶ ነው የሚያልቀው። ገላ የሚነካው እኮ ውስጡ ነው። ነጭ በነጭ ክር የሚጠለፍ ሲሆን ደግሞ በአምፖል አይሠራም፣ ዓይን ያጠፋል። የምትጠልፈው ልጅ መስኮት ሥር ተቀምጣ የቀን ብርሃን ነው የምትጠብቀው። መብራት ሲጠፋ የእናቴ ሲንጀር በእግር ስለሚሄድ ስፌቱ አይቆምም። የዚግዛግ ማሽኑና ካውያው ግን ይቆማሉ። ያልተተኮሰ ስፌት ላይ ሌላ ስፌት ከደረባችሁ ጨርቁ ይኮማተራል። ስለዚህ መብራት እስኪመጣ እንጠብቃለን።

በዚህ ላይ ጥር የጥምቀት ወር ብቻ አይደለም። ዐቢይ ጾም ሳይገባ ሰርጉ ሁሉ ጥር ላይ ይወድቃል። ጥር 21 ደግሞ አስተርዮ ማርያም አለች። ጥምቀቱም ሙሽራውም ሚዜውም በአንድ ወር ውስጥ ይደራረባል።

አሁን ዋናውን ልንገራችሁ። አብረውኝ የሚሠሩ ሁለት ልጆች አሉ፤ ታውቋቸዋላችሁ። ባለፉት ዓመታት ታኅሣሥ ሲጋመስ ቀኑና ሌሊቱ ይደባለቅብናል። "እባክሽ የእኔን ብቻ" ይባላል። የእናንተን ፊት አይቶ እንቢ ማለት ይከብዳል። ከተራ ይደርሳል። ታቦታቱ ወደ ባሕረ ጥምቀቱ ሲወርዱ፣ እልልታው ቤታችን ድረስ እየተሰማ፣ እኛ ቁልፍ እንተክላለን። አምና ትንሿ ልጅ የሰው ቀሚስ ተኩሳ እየሰቀለች፣ "እትዬ፣ የእኔንስ መቼ ነው የምንሰፋው?" አለችኝ። የእሷ ቀሚስ ተቆርጦ ተጠቅልሎ እንደተቀመጠ ነበር። ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ እንላለን። የሁላችሁም ቀሚስ ደርሶ የሰፊዋ ሳይደርስ ቀረ። ዘንድሮ መዝገቡ ላይ መጀመሪያ የጻፍኩት የእነዚህን ልጆች ስም ነው። ከተራ ቀን ቤታችን ይዘጋል። እነሱም እንደ ሰው ለብሰው ታቦት ይሸኛሉ። በዚህ የምትቀየሙኝ አይመስለኝም። ሴት ልጅ ያላችሁ ሁሉ ይገባችኋል።

ወደ ቀብዱ ልምጣ። "ድሮ አንቺ ቤት ቃል ይበቃ ነበር" ያሉኝ እናት አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ይበቃ ነበር። ዛሬም የማንም ቃል አልጎደለብኝም። የጎደለው የክር መግዣው ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በወራት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። እኛ ዶላር አንገዛም። የጥልፍ ክሩ፣ መርፌው፣ ዚፑና የማሽኑ መለዋወጫ ግን ከውጭ ነው የሚመጣው። ባለሱቁ የነገረኝን ዋጋ ይዤ ሳምንት ቆይቼ ስመለስ ሌላ ይነግረኛል። ከአዲስ አበባ የምናስመጣው ክር መንገድ ሲዘጋ ይቀራል፤ ሲከፈት የጭነቱ ሒሳብ ጨምሮ ይመጣል። ሸማኔውም ጤፍ ገዝቶ ነው የሚበላው። ዋጋ ጨመርክ ብዬ ልጣላው አልችልም። እሱንም፣ የሚፈትሉልንን እናቶችም በዱቤ አላሠራም፤ ሥራቸውን ሲያስረክቡኝ ነው የምከፍላቸው። ቀብዳችሁ በቀጥታ የሚገባው እዚያ ነው። እኔ ኪስ አይቆይም።

ሌላው ተሰፍቶ ሳይወሰድ የሚቀር ልብስ ነው። ለአንዲት ሙሽራ ሚዜዎች የሰፋነው አንድ ዓይነት ቀሚስ አለ፤ አረንጓዴ ጥለት ነው፣ በጣም ያምራል። ሰርጉ ተራዘመ። ከዚያ ሙሽሪት ከተማውን ለቀቀች። አልተቀየምኳትም፤ ዘመኑ ነው። ቀሚሶቹ ግን እስከ ዛሬ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ተሰቅለዋል። በሰው ልክ የተሰፋ ልብስ ለሌላ ሰው አይሆንም። ወገቡን ብታጠቡት ትከሻው ይወድቃል። ሸማኔው ሒሳቡን ያኔውኑ ወስዷል፤ እኔ ጋ የቀረው ልብሱ ነው። ቃል ብቻ ይዘን እንድንቀጥል የምትፈልጉ፣ እስኪ በእኔ ቦታ ሆናችሁ አስቡት።

ገበያ ላይ ጥለቱ የታተመበት ጨርቅ እንዳለ አውቃለሁ። ርካሽ ነው። የሚገዛውን ሰው አልወቅስም፤ ኑሮ ከብዷል። "እዚያ በግማሽ ዋጋ አለ" እያላችሁ ከዚያ ጋር ስታወዳድሩን ግን ያመኛል። ልዩነቱን ለማየት ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። የታተመው ጀርባው ገርጥቷል። የተሸመነው ከውስጥም ከውጭም ቀለም አለው።

ያልተለወጠውንም ልንገራችሁ፤ ብዙ ነው። የሐዘን ልብስ ቀብድም ቀጠሮም አይጠየቅበትም። ሐዘን ቀን ነግሮ አይመጣም፤ ሌሊትም ቢሆን አንኳኩ። የልጆችን ልብስ እንደ ድሮው ጠርዙን ሰፋ አድርገን ነው የምናጥፈው። ልጁ ሲረዝም አምጡት፤ ያለ ክፍያ እንለቅለታለን። ለትምህርት ቤት የወላጆች ቀንና ለባህል ቡድኖች የምንሰፋው የትርኢት ልብስም ዋጋው ያው ነው።

የትርኢት ልብስ ነገር ከተነሳ፣ ስለ እሱ ማውራት ደስ ይለኛል። እስክስታ የትከሻ ሥራ ነው። የመድረክ ልብስ እንደ ተራ ቀሚስ ከተቆረጠ፣ ተወዛዋዡ ትከሻውን ሲሰብቅ ልብሱ በሙሉ አብሮት ይነሳል፤ መቀነቱም ከቦታው ይሄዳል። ስለዚህ የብብቱን ቅድ ጠበብ አድርገን ወደ ላይ እናወጣዋለን። ከሥሩ ደግሞ አራት ማዕዘን ቁራጭ ጨርቅ እናስገባለን። ያኔ ትከሻው ብቻውን ይሄዳል፣ ወገቡ ባለበት ይቀመጣል። ተመልካች ቁራጯን አያያትም። የለበሰው ልጅ ግን ያውቃታል። አንድ ተወዛዋዥ "በዚህ ልብስ ሌሊቱን ሙሉ ብጨፍር አልደክምም" ሲለኝ የሰጠኝ ደስታ ከሒሳቡ ይበልጥብኛል። ይህን ሥራ በጥድፊያ ማበላሸት አልፈልግም። ሌላው ሁሉ ምክንያት ተረስቶ ይህ ብቻ ቢገባችሁ ይበቃኛል።

መዝገቡ ላይ ያላችሁ ከገና በፊት ልክ ለማየት ኑ። ለበዓሉ የምታደርጉትን ጫማ ይዛችሁ ኑ፤ ርዝመቱን የምናስተካክለው በእሱ ነው። ቀሪው ሒሳብ የሚከፈለው ልብሱን ለብሳችሁ፣ መስታወት ፊት ቆማችሁ፣ ሲሆናችሁ ብቻ ነው።

መዝገቡ ላይ ያልገባችሁ ደግሞ፣ እባካችሁ ተስፋ ቆርጣችሁ አትቅሩ። የቀድሞ ቀሚሳችሁን አምጡት። ጥለቱ ደህና ከሆነ አንገቱን ቀይረን፣ ገበሩን አድሰን፣ የጠበበውን ለቀን ለጥምቀት እናደርስላችኋለን። የጥገና ሥራ አልተዘጋም፤ እስከ ጥር 5 እንቀበላለን። ከዚህ ቤት የወጣ ቀሚስ ከሆነ የገበሩን ዋጋ ብቻ ትከፍላላችሁ፣ የእጅ አንቀበልም።

ፋሲካ ዘንድሮ፣ በ2017 ዓ.ም.፣ ሚያዝያ 12 ነው። የፋሲካውን መዝገብ ጥር 25 እንከፍታለን። በዚህ ወር የመለስናችሁን ሰዎች ስም ጽፌ ይዣለሁ፤ የመጀመሪያዎቹ ተራዎች የእናንተ ናቸው። ቀብዱን በአንዴ ማውጣት የከበደው ሰው ለብቻዬ ይንገረኝ፤ በሁለት በሦስት ከፍለን እንጨርሰዋለን። ዘንድሮ ሌላ ሰፊ ጋ የሄዳችሁም፣ እኔን አፍራችሁ እንዳትቀሩ። ልካችሁ አሁንም ደብተሬ ላይ አለ።

ስትመጡ በሩን በደንብ አንኳኩ። የስፌት መኪናው ስለሚጮኽ አንዳንዴ አንሰማም።

አክባሪያችሁ፣
የስፌት ቤቱ ባለቤት